«በጭራሽ» የሚለው ሳጥን

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን
ከክትባት ክፍል፣ ከምሳ በኋላ

ለክቡር ዶክተር፣ ለሕፃናት ስሜት ጠበቃ፣ ለአንዲት ልጅ አባት፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ እንዳልጠይቅህ፣ ጉባኤ ላይ ስትናገር የተነሳኸውን ፎቶ አይቼዋለሁ። ጉንጭህ ሞልቷል፣ ጸጉርህ ተሰናብቷል፣ ክራባትህ ጠሟል። ክራባቱን ያየሁት በክፋት አይደለም፤ ዓይኔ ለምዶበት ነው። እኛም አለን። እናትህ ጉልበቷን እንጂ ምላሷን አላመማትም። ልጅህ አድጋለች። እኔ ደግሞ የዛሬ አምስት ሳምንት የደረሰኝን ፖስታህን በነጩ ጋዎኔ ኪስ ይዤ ስዞር ከርሜ፣ ዛሬ መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር፤ በአንድ አግራፍ የተያያዘ። አንዱ የዘንድሮው መጠይቅ ነው፤ ስድሳ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ አራት ሳጥን። ሁለተኛው ልጅቷ አንተ ጋ ሄዳ እንድትኖር እኔ የምፈርምበት የስምምነት ቅጽ። ከሁለቱ በላይ አጠር ያለች ደብዳቤ። «በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜ የአባት በቅርብ መኖር ለማንነት ምሥረታ ወሳኝ ነው» ትላለች ደብዳቤዋ። እሺ። ወሳኝ ይሁን። በአራት ዓመቷ፣ በስድስት ዓመቷ፣ በዘጠኝ ዓመቷስ ምን ነበር? ጌጥ?

ብቻ ነገሩ ግልጽ ነው። ከፈረምኩ ልጄ ትሄዳለች፤ ካልፈረምኩ ትቀራለች። የካቲት ሳያልቅ ይድረሰኝ ብለሃል። ሌላው ሁሉ ትንታኔ ነው፤ ትንታኔ ደግሞ ያንተ እንጀራ እንጂ የኔ አይደለም።

መጠይቁን ሳልሞላው መልሼልሃለሁ። አትቆጣ፤ ከዚህ በፊት ዘጠኙን ሞልቼልሃለሁ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አሥረኛውን ግን እዚሁ ደብዳቤው ላይ ልመልስልህ። ሳጥኖችህ ጠባብ ናቸው፤ እኛ ደግሞ እያደር ሰፍተናል።

የተንከባካቢዋ ሥራ፣ ይላል የመጀመሪያው። ያው ክትባት ነኝ። አንድ መስኮት፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ሰማያዊው የበረዶ ሳጥን፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለው ሚዛን። በቀን ሃምሳ ሕፃን እወጋለሁ፤ ሃምሳውም ይጠላኛል፤ ደመወዜን የሚከፍለኝ ግን መንግሥት ነው። አንተ በስላይድ የምታሳየውን እኔ በጥጥ እየጠረግሁ ነው የተማርኩት። ሕፃናቱ በሁለተኛው ቀጠሯቸው መርፌውን ሳያዩ፣ ነጩን ጋዎን ብቻ አይተው ይንጫጫሉ። ብልጥ ነኝ ብዬ ጋዎኑን አውልቄ አረንጓዴ ሹራብ ለበስኩ። በወሩ አረንጓዴ ሹራብ ባዩ ቁጥር ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ እናትማ «ልጄ አረንጓዴ የለበሰች አክስቱን አላስቀርብ አለ፣ ምን አደረግሽብኝ?» ብላ ከሰሰችኝ። አሁን እያፈራረቅሁ እለብሳለሁ። ፍርሃታቸውን መንቀል ባልችል፣ ቢያንስ አንድ ቀለም ላይ ብቻ እንዳይጣበቅ ብዬ ነው።

አንድ ሌላም ነገር ተምሬያለሁ። ሕፃን መርፌውን አያይም፤ የእናቱን ፊት ነው የሚያየው። እሷ ፊቷን ካጨማደደች እሱ ሳይወጋ ይጮኻል፤ እሷ ፈገግ ካለች ተወግቶም ትንሽ ግራ ይጋባል፣ ላልቅስ ወይስ ልተው ብሎ ይማከራል። ስለዚህ መርፌውን ከማንሳቴ በፊት «እናት፣ ፊትሽን!» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ። ከዚህ የተነሳ ስሜ ተረስቶ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር ፊትሽን» ይለኛል። ያንተ ማዕረግ ከስምህ በፊት ነው የሚመጣው፤ የኔ ስሙን ራሱን ዋጠው።

በቤት ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች አዋቂዎች፣ ይላል ደግሞ። እናትህ። በየዓመቱ ፖስታህ ሲመጣ ከአልጋዋ ሆና «ፈተናሽ መጣ?» ትለኛለች።

«መጣ፣ እማማ።»

«አምና ስንት አመጣሽ?»

«ውጤት አይነግሩም።»

«እንግዲያው አልፈሻል። ቢጥሉሽማ ይነግሩሽ ነበር።»

አንተ ስትሄድ ልጅቷ ሦስት ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። «ሦስት ዓመት ብቻ» አልከኝ። የጥናትህን ርዕስ ስትነግረኝ በደስታ ሳልተኛ አድሬ፣ በነጋታው ለሥራ ባልደረቦቼ በኩራት አወራሁ፤ ያለ አባት የሚያድጉ ልጆች የስሜት ዕድገት። ሚዛን ላይ የምትሠራው ባልደረባዬ «እንግዲህ ናሙናውን ቤቱ አስቀምጦ ሄደ በይኛ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የኔማ ከጆሮም አልፎ ሆዴም ባዳ ነበር።

ገና ስንተዋወቅ በክትባት ካርድ ጀርባ ላይ የሳልክልኝ ፒራሚድ ትዝ ይልሃል? ከታች ምግብና እንቅልፍ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ከዚያ ፍቅር፣ ከዚያ ክብር፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ራስን እውን ማድረግ። «ሰው የታችኛውን ሳያሟላ የላይኛውን አይመኝም» አልከኝ፤ ሻይህ እስኪቀዘቅዝ አስረዳኸኝ፤ እኔም ሻዩን ሳይሆን አንተን እያየሁ ገባኝ አልኩ። አሁን ነው በእውነት የገባኝ። የታችኛውን ደርብ ሌላ ሰው ከተሸከመለት፣ ሰው ጫፍ ላይ ለመውጣት ጊዜ አይፈጅበትም። ከታች እኔና እናትህ አለን። ከላይ ነፋሱ እንዴት ነው?

የመጀመሪያው መጠይቅ የመጣው አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። ወፍራም ስለነበር ረጅም የናፍቆት ደብዳቤ መስሎኝ እጄን ታጥቤ ነው የከፈትኩት። እናትህ ጆሮዋን አቁማ ትጠብቃለች።

«ምን ይላል?»

«ልጅቷ ታዝናለች ወይ ይላል። በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።»

«ለምን ደውሎ አይሰማትም?»

«ለጥናት ነው፣ እማማ።»

«ጥናት!» አለች። «እኔ እሱን ስወልድ ማንም አላጠናኝም፤ ጮኼ ወለድኩ፣ ጎረቤት ሰማ፣ አለቀ።»

እውነቱን ልንገርህ፤ በዚያ ዓመትና በተከታዩ «ሁልጊዜ» የሚለውን ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ምልክት አደረግሁበት። ታለቅሳለች ወይ? ሁልጊዜ። እንቅልፍ ታጣለች ወይ? ሁልጊዜ። ቅዠት? ሁልጊዜ። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ጭማሪ። እንዲህ ያለ ወረቀት ያየ አባት ሻንጣውን ሳይዘጋ ይመጣል ብዬ ነበር። የመጣው ባለ ሁለት መስመር መልስ ነው፤ «ስለ ትጋትሽ አመሰግናለሁ። እጅግ ጠቃሚ መረጃ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ተናደድኩ። የሰው ልጅ ሲናደድ ልቡ ይመታል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ከዚያ አንድ ነገር ያደርጋል ብለህ አስተምረኸኝ ነበር፤ እኔም አንድ ነገር አደረግሁ። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሁሉንም «በጭራሽ» አልኩህ። ታዝናለች? በጭራሽ። ትጠይቃለች? በጭራሽ። ሐዘናችንን ለጉባኤ ማድመቂያ አልሰጠውም፣ ባዶ እጁን ይቅር፣ ብዬ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ መጫኛውን ራሴ ገምጄ አቀበልኩህ። የተመረቅህ ዕለት ደውለህ በደስታ የነገርከኝን ድምዳሜ እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ «ጠንካራ እናት ባለችበት ቤት የአባት አለመኖር ጉልህ ጉዳት አላሳየም።» ተጨበጨበልህ። ጠንካራዋ እናት እኔ ነበርኩ። አንተን ልቀጣበት የዋሸሁት ውሸት አንተን በነጻ አሰናበተህ።

እንግዲህ በስምንት ዓመቷ አንድ ጊዜ መጥተህ ነበር፤ አሥራ ሁለት ቀን። ሰባቱ በስብሰባ አለቀ። በቀሩት አምስት ቀናት ከልጅህ ጋር ተጫወትክ እንዳልል፣ ፈተንካት። የፊት ሥዕል ያለባቸውን ካርዶች ዘርግተህ «ይህ ሰው ምን ይሰማዋል?» ስትላት «ይሄ ተናዷል፣ ይቺ ፈርታለች፣ ይሄ ደግሞ አባዬ ስልኩ ሲጠራ ነው» አለችህ። እኔና እናትህ ስንስቅ አንተ ጻፍክ።

የምትሄድበት ጠዋት ያደረግነውን ግን ሁለታችንም እናውቀዋለን። አደረግነው ነው ያልኩት፤ ትንሿን ቦርሳህን የያዝኩልህ እኔ ነኝ። «ልጅ በሥራ ከተጠመደ የመለያየት ጭንቀቱ ይቀንሳል» አልክ። ከዚያ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ቸኮሌት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክላት። «እስክመለስ ሳትበዪው ከጠበቅሽኝ ሁለት ይሆንልሻል» ብለሃት በጓሮ በር ወጥተህ ታክሲ ውስጥ ገባህ። ሌላ ሰው ልጁን ስሞ፣ አብሮ አልቅሶ ይሄዳል። ይህን ስህተት ለመሥራት ግን ሰው በሥነ ልቦና ሁለት ዲግሪ ያስፈልገዋል።

እሷ ጠበቀች። እጆቿን ጭኖቿ ሥር አድርጋ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛው ላይ ደረሰች፤ ቸኮሌቱ በወረቀቱ ውስጥ ቀለጠ። ብዪው ስላት «ይመለሳል እኮ» አለችኝ። ሄዷል ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። በመጨረሻ እናትህ ምርኩዟን ይዛ መጣች፤ የቀለጠውን ቸኮሌት አንስታ ከነወረቀቱ ልትውጠው ምንም አልቀራትም፣ ላሰችው። «ፈተናው አለቀ» አለቻት። «እኔ ወድቄያለሁ። አንቺ ተነሽና ተጫወቺ።»

በነጋታው ደውለህ «ስንት ደቂቃ ቆየች?» አልክ። የጸጸት ጥያቄ መስሎኝ፣ እንዲያቃጥልህ ብዬ በሰዓት ልክ ነገርኩህ፤ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። «እርግጠኛ ነሽ?» አልክ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ የእስክሪብቶህን ቀጭ ማለት ሰማሁ። ሁለተኛው ቸኮሌት ደግሞ ይኸው ስድስት ዓመቱ፣ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ውጬው ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ። ዘንድሮ ግን የትምህርት ቤታቸው አማካሪ መምህር ስለ ልጆች ዕድገት የተጻፈ ጥናት ፈልጋችሁ አሳጥራችሁ አምጡ ብሎ የቤት ሥራ ሰጣቸው። ሌሎቹ ያገኙትን ሲያመጡ የኛዋ «እኔ የአባቴን ነው የማመጣው!» አለች፤ በኩራት። ሃያ ሁለት ገጽ ጥናትህን ፕሪንት አስደረገች። መዝገበ ቃላት ይዛ፣ ከከባዱ ቃል ሁሉ በላይ በእርሳስ ትርጉሙን እየጻፈች፣ ሁለት ሳምንት አነበበችህ። አንተን እንዲህ በጥንቃቄ ያነበበህ ሰው በሕይወትህ ያለህ አይመስለኝም።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ክትባት ክፍል ገባች። አግዳሚው በእናቶች ሞልቷል።

«ቁጥር አሥራ ሰባት ማናት?» አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የካርድ ቁጥር ከሆነ ውጪ ያለችውን ጠይቂ።»

«እማዬ፣ አትቀልጂ።» ወረቀቱን የበረዶ ሳጥኑ ላይ ዘረጋችው። «'ሴት፣ ስምንት ዓመት፣ እናት የጤና ባለሙያ፣ አያት በቤት ውስጥ።' እንዲህ ያለች ልጅ ሞልታለች፤ እሺ። 'አጥኚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጠብቃለች።' ይቺስ?»

መርፌውን ትሪው ላይ መለስኩት።

«አጥኚው ነው የሚለው» አለች። «አባቷ አይልም።»

ነውሬን ልንገርህ አይደል የተቀመጥኩት? ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ቀን መጣ፤ ልጄ አወቀችህ፤ አሁን ታለቅሳለች፣ እኔም አቅፌ አባብላታለሁ ብዬ ጓንቴን ማውለቅ ጀመርኩ። እሷ ግን ገጽ ገልጣ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆመች።

«ይሄስ? 'በወላጇ አለመኖር ሐዘን ታሳያለች፤ በጭራሽ። ስለ ወላጇ ትጠይቃለች፤ በጭራሽ። በእንቅልፏ ትረበሻለች፤ በጭራሽ። የመረጃው ምንጭ፣ እናት።'» ጣቷን መጨረሻው ቃል ላይ አደረገች። «ምንጩ አንቺ ነሽ።»

«እሱን ላናድደው ብዬ እኮ ነው፣ ጉንጬ። ደስ እንዳይለው...»

«ጉንጬ አትበይኝ።» ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እሱ አላየኝም። ያላየ ሰው ምን ያውቃል? አንቺ ግን አልጋዬ አጠገብ ተኝተሽ፣ እየሰማሽኝ፣ ጠዋት ተነስተሽ በጭራሽ ብለሽ ጻፍሽ።»

ከአግዳሚው ጫፍ ልጇን ያቀፈች አንዲት እናት አንገቷን ዘርጋ አድርጋ በሹክሹክታ «ሲስተር፣ ፊትሽን» አለችኝ።

ፊቴን እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም። ብቻ ልጅህ ወረቀቷን ስትሰበስብ ከጋዎኔ ኪስ ብቅ ያለውን ፖስታ አየች። የእጅ ጽሕፈትህን ታውቀዋለች። መዘዘችው፤ አነበበችው፤ ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን ቆጠረች።

«ልነግርሽ አስቤ ነበር» አልኳት።

«በጭራሽ» አለችኝ።

ከዚያ ቅጹን እጄ ውስጥ አስቀመጠችው። «ፈርሚልኝ። ያላየኝ ሰው ጋ ልኑር። እሱ ቢያንስ እያየ አልዋሸብኝም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ የምታናግረኝ በእናትህ በኩል ነው። ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን «እማማ፣ ሻይ አልፈልግም በይልኝ» ትላለች። እናትህ «እኔ ስልክ ነኝ? ይኸው አጠገብሽ ናት፤ በነጻ ደውዪላት!» ትላለች። ሁለታችንም አንስቅም። እናትህ ብቻዋን ትስቅና፣ ቆይታ እሷም ትተወዋለች።

አሁን በሙያህ ልጠይቅህ። ተነሳሽነት ሁለት ዓይነት ነው ትል ነበር፤ ወደሚወዱት መሄድና ከሚሸሹት መራቅ። ልጄ ወዳንተ እየመጣች ነው ወይስ ከኔ እየሸሸች? በመጽሐፍህ ሁለቱ የተለያየ ምዕራፍ አላቸው፤ አየር ማረፊያ ሲደርሱ ግን አንድ ሻንጣ ናቸው። አምስት ሳምንት ያልፈረምኩት ለእሷ ብዬ ነው ብልህስ ታምነኛለህ? እኔ ራሴን ጠይቄ አላመንኩም። ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ ብዬ ነው። ለልጄ ደኅንነት የሚለውን ምክንያት ያገኘሁት በኋላ ነው፤ ሰው መጀመሪያ ይፈልግና ምክንያቱን ቆይቶ ይቀጥርለታል።

ለእናትህ ነገሩን ሳማክራት እግሯን እያሸሁላት ነበር።

«እኔ ላንቺ ባል መቼ ፈረምኩ?» አለች። «ሳልፈርም ሄደ። ይቺ ፈርሚልኝ ብላለች። በኔ ልጅ አልወጣችም፣ ባንቺ ነው የወጣችው፤ ስለዚህ አትያዣት። ጠንከር አድርገሽ እሺው፣ ግራው ነው የሚያመኝ።»

ፊርማዬን ከማየትህ በፊት ግን ምንጩ ቃሉን ያስተካክላል። ጥናትህን የምታርምበት መንገድ ካለ አርመው፤ ከሌለም እወቀው። በአራት ዓመቷ በር ሲንኳኳ ቀድማ ትሮጥና ሳትከፍት እጇን በሩ ላይ አድርጋ ትቆም ነበር፤ ከከፈተችው አንተ አለመሆንህን ታያለችና። በስድስት ዓመቷ ለመምህሯ አባቴ ሞቷል ብላ ተጠርቼ ነበር። ለምን ስላት «የሞተ ሲባል ሌላ ጥያቄ አይጠይቁም» አለችኝ። ከቸኮሌቱ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ዕቃ ልግዛ ብዬ ስወጣ እንኳ «ስንት ደቂቃ?» ትለኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመቷ ስላንተ መጠየቅ አቆመች። ያኔ እኔ «ተላምዳለች» ብዬ ጻፍኩ፤ አንተም ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባኸው። ልጅ መጠየቅ ሲያቆም ተላመደ አይባልም፤ መልሱን አግኝቷል ማለት ነው።

ትናንት ጠዋት ፈረምኩ። ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ።

እንግዲህ ስማኝ፤ ይህን በቅጽ አታገኘውም። ስትናደድ አትጮኽም፣ ዕቃ ታጥባለች። የታጠበ ሰሃን ደግማ ስታጥብ ካየሃት ምን ሆንሽ አትበላት፤ ጨርቅ አንሳና አጠገቧ ቆመህ አድርቅ። ሦስተኛው አራተኛው ሰሃን ላይ ራሷ ትነግርሃለች። ሲያማት «ተዉኝ» ትላለች፤ አትተዋት። ሒሳብ ላይ ጥሩ ስታመጣ አትሸልማት፤ የሚሸልሟትን ነገር መውደድ ትተዋለች። ይህንን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ልክ የሆንክበትን አልክድህም። ጠዋት ጠዋት ለግማሽ ሰዓት ሰው አይደለችም፤ ሥነ ልቦናዊ ትርጉም አትስጠው፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። የምትሄድ ከሆነ የምትሄድበትን ሰዓትና የምትመለስበትን ሰዓት ንገራት፤ ተመለስም። ከሁሉም በላይ እስክሪብቶ ይዘህ አትያት። ደብተርህን ቢሮህ ተወው። እሷን እያየህ አንድ ቃል ከጻፍክ ልጄ አታመልጥም፤ ዝም ብላ ትለምድሃለች። ከዚያ ያድንህ።

ትናንት ፊርማ በሚያረጋግጡበት ጽሕፈት ቤት ቅጹን የተቀበለችኝ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። አንድ በአንድ እያነበበች ጠየቀችኝ።

«የፈራሚዋ ዝምድና?»

«እናት።»

«ለምን ያህል ጊዜ ነው የምትሄደው?»

«ለጊዜው።»

«ለጊዜው የሚል የለኝም። ያልተወሰነ ልበል?»

«በይው።»

«አብሮ የሚጓዝ ሰው?»

ያላየሁት መስመር ነበር፤ እዚያው ታች፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

«እህቴ፣ ባዶ አይተውም» አለችኝ፤ ለስለስ ብላ። «ባዶ ከሆነ ይመልሱታል። ወይ ስም ጻፊበት፣ ወይ ሰረዝ።»

እስክሪብቶዋን ተቀብዬ አሰመርኩ።

«እንዴ፣ አጠር አድርጊው እንጂ!» አለች። «ማኅተም የምመታበት ቦታ አጣሁ እኮ!»

መንገዷን ያቅናላት። አንተንም ዓይን ይስጥህ፤ እርግማን አይደለም፣ ምርቃት ነው። ለናትህ የምትልከው ሰላምታ ካለ ለራሷ ደውለህ ንገራት፣ ትሰማለች። ደብዳቤዎቼን ሁሉ «ያገናኘን» ብዬ ስዘጋ ኖሬያለሁ፤ እጄ አሁንም ወደዚያው ሊሄድ ሲል ያዝኩት። ያገናኛችሁ።

የልጅቷ እናት